ክሱ የሚጀመረው ከግድያው በፊት ነው

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የሕግ ተማሪዎች፤

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሦስት የቆዩ የይግባኝ መዝገቦች ነው። ሦስቱም የግድያ ናቸው። በሦስቱም የተገደለው ሰው መተተኛ ነው የተባለ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

የመጀመሪያው ከኬንያ፣ ካምባ ከሚባለው ሕዝብ አገር ነው። በ1931 የአንድ ሰው ሚስት ታመመች። ባልየው አንዲት ሴት ደግማባት ነው ብሎ አመነ። ሴትዮዋን ወደ በሽተኛዋ አመጧትና "የደገምሽውን ፍቺ" አሏት። ከዚያ የመንደሩ ወንዶች ተሰብስበው ደበደቧት። ሞተች።

በ1932 የቅኝ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚህ አንድ መዝገብ 60 ወንዶችን በሞት ቀጣ። ተከሳሾቹ የገደልነው በአባቶቻችን ሥርዓት ነው ብለው ነበር። ካምባዎች ኪንጎሌ የሚሉት፣ መንደሩ ለሁሉም አደገኛ ነው ያለውን ሰው በጋራ የሚያስወግድበት ልማድ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት ግን አልተቀበላቸውም። ተበደልኩ ያለ ሁሉ ፍርዱን በእጁ ከወሰደ የአገር ሰላም አይኖርም ብሎ ውሳኔውን አጸና። የሞት ቅጣቱን በኋላ ገዥው ወደ እስራት ለወጠው።

እኔ ጥፋተኞች መባላቸው ትክክል ነው እላለሁ። አንዲትን ሴት ለ60 መደብደብ በየትኛውም ልማድ ስም ግድያ ነው።

ሁለተኛው መዝገብ ከኡጋንዳ ነው፣ 1941። ዘመዶቻችንን በመተት ጨርሶብናል ብለው የሚጠረጥሩትን ሰው፣ ሌሊት ራቁቱን በግቢያቸው ሲድህ አገኙት። በጭካኔ ገደሉት። ይኸው ይግባኝ ፍርድ ቤት ድንገተኛና ከባድ ቁጣ ነው ብሎ ጥፋቱን ከነፍስ ግድያ ዝቅ አደረገላቸው።

ሦስተኛውም ከኡጋንዳ ነው፣ 1951። ገዳዩ አንድ የባህል መድኃኒተኛ በመተት ሊገድለኝ ነው ብሎ ሲሸበር ኖሮ መድኃኒተኛውን የገደለ ሰው ነው። ፍርድ ቤቱ ይህ ፍርሃት እንጂ ቁጣ አይደለም አለ። በዓይን የታየ፣ በዚያው ቅጽበት ደም የሚያፈላ ድርጊት መኖር አለበት። እምነቱ የቱንም ያህል ከልብ ቢሆን ብቻውን ቅጣት አያቀልም። ይህ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ በአካባቢው ፍርድ ቤቶች ሲጠቀስ ኖሯል።

እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። በኛ አቆጣጠር በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 541 ስለ ቀላል የሰው ግድያ ስትማሩ የምትከራከሩት በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። ቁጣው ምን ያህል ከባድ ነበር? ሁኔታው የሚገባ ነው ወይ?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ተከሳሽ መከላከያ ያስፈልገዋል። ግን ልብ በሉ፤ ክርክሩ ሁሉ ስለ ገዳዩ ነው። ምን አመነ? ፈራ ወይስ ተቆጣ? ሟቿን ማን መተተኛ አላት፣ መቼ አላት፣ ማንስ ዝም ብሎ ሰማ የሚለው ግን ከክርክሩ ዳር ይቀራል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው።

እንዲህ ያለ ግድያ ከሰማይ አይወርድም። መጀመሪያ ሕመም ወይም ሞት ይመጣል። ቤተሰቡ ጠንቋይ ዘንድ ይሄዳል። ጠንቋዩ በስም ባይጠራም "ከጎረቤት ናት፣ አሮጊት ናት" ይላል። ወሬው ወፍጮ ቤትና ውኃ መቅጃ ይደርሳል። ሰው ሰላምታ ይነሳታል፤ ልጆች ከደጇ ይሸሻሉ። ያኔ ገና ማንም አልገደላትም፤ ግን ፍርዱ አልቋል።

ይህን ለመረዳት ኬንያ መሄድ አያስፈልግም። በኛ አገር ሌባሻይ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል። ልጁ እየተንገዳገደ ሰፈሩን ይዞራል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ይህ የመንደር ጨዋታ አልነበረም፤ ሹም የነበረው፣ መንግሥት የሚያውቀው አሠራር ነበር። በኋላ ተከለከለ። ቡዳ የሚለውስ? ሸክላ ሠሪዋ፣ አንጥረኛው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቤተ እስራኤሎቹም በዚህ ስም ስንት ዘመን ተገልለው ኖሩ!  ይህን የምለው የኛ ጉዳይ ከኬንያው ጋር አንድ ነው ለማለት አይደለም። ማስረጃ የሌለው ውንጀላ ሰውን ከጎረቤቱ እንዴት እንደሚነጥል ስለምናውቀው ነው።

ኬንያ ከ1925 ጀምሮ የጥንቆላ ሕግ አላት። ሰውን ለባለሥልጣን ከማሳወቅ ውጭ መተተኛ ነህ ብሎ መወንጀልን ወንጀል ያደርጋል። ግሩም ነው። ይኸው ሕግ ግን መተት አለኝ የሚለውንም ይቀጣል። እስቲ በአንዲት አሮጊት ቦታ ሆናችሁ አስቡት። መንደሩ መተተኛ ብሏታል። አቤት ልበል ብትል፣ በዚያው ሕግ እሷም ተጠርጣሪ ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለ ሕግ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ለመግባት ስንት ድፍረት ይጠይቃት ይሆን?

ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2008 በምዕራብ ኬንያ፣ በኪሲ 11 ሰዎች፣ አብዛኞቹ አረጋውያን ሴቶች፣ መተተኛ ተብለው ተቃጥለው ተገደሉ። በ2021 እዚያው ኪሲ ውስጥ አራት እናቶች በተመሳሳይ መንገድ ተገደሉ። በባሕር ዳርቻዋ በኪሊፊ ደግሞ ከውንጀላው ጀርባ ብዙ ጊዜ መሬት አለ። አባት መሬቱን አልሸጥም ሲል፣ ልጆቹ ወይም የወንድሞቹ ልጆች ሽበቱን ማስረጃ አድርገው መተተኛ ይሉታል። እዚያ ካያ ጎዶማ የሚባል መጠለያ አለ። ከገዛ ቤተሰባቸው የሸሹ ሽማግሌዎች ይኖሩበታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያሳደገውን ልጅ ፈርቶ የሚሸሽ አባት ለየትኛው ፍርድ ቤት ይግባኝ ይበል?

ልጆቼ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዳንዶቻችሁ በወረዳ ዐቃቤ ሕግ ትሆናላችሁ። አንዲት እናት መጥታ "ቡዳ ብለውኛል፣ ከብታቸው በሞተ ቁጥር በኔ ያሳብባሉ፣ ልጆቻቸው ዱላ ይዘው ደጄ ያመሻሉ" ብትላችሁ፣ "የጎረቤት ጠብ ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱ" ብላችሁ አትመልሷት። ቃሏን በጽሑፍ ተቀበሉ። ማን እንዳለ፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደሰማ መዝግቡ። ጠንቋይ ጋ ሄደው እንደሆነ አጣሩ። የመሬት ወይም የውርስ ክርክር አላት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ስም ማጥፋት በአንቀጽ 613 ያስቀጣል፤ ዛቻም ለብቻው ወንጀል ነው። ወንጃዮቹን በዚያው ሳምንት አስጠሯቸው።

አመሰግናለሁ።