በዓይን ክፍል ወረፋ ያልተጠየቅነው ጥያቄ

የተከበራችሁ ሐኪሞችና ነርሶች፣ አስታማሚዎች፣ እንደ እኔ ከስኳር ጋር የምትኖሩ ወገኖቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ይህን ጽሑፍ ልጄ በትልልቅ ፊደል ጽፋልኛለች። ገጽ ስገልጥ ብዘገይ ታገሡኝ። ግራ ዓይኔ ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቷል፤ ቀኙም የሚታዘዘኝ ሲፈልግ ነው። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ ላይ ለጻፈ መምህር ይህ ቀላል አይደለም።

ስኳር የተገኘብኝ በ1994 ዓ.ም. ነው። ዓይኔን የታየሁት ከ11 ዓመት በኋላ። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው በሽታው እንደታወቀ፣ አንደኛው ዓይነት ያለበት ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ዓይኑን መመርመር እንዳለበት የነገረኝ አልነበረም። ወይም ተነግሮኝ አልሰማሁ ይሆናል፤ ማንንም በሐሰት መውቀስ አልፈልግም። ስኳሩ ከዓይን ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል፣ ያንጠባጥባሉ። ሲብስ ዓይን አዳዲስ የደም ሥር ያበቅላል፤ እነዚያ ደግሞ ስስ ናቸውና ይደማሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ምንም አያምም። እኔ የባነንኩት ጥላሸት የመሰለ ነገር ፊቴ ላይ ሲዋኝ ነው።

ያን ቀን የመረመሩኝ ሐኪም “ስኳርህን ካልተቆጣጠርክ ትታወራለህ” አሉኝ። እውነት ነው፤ ለማትረፍ ብለው ነው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ 14 ወር ሳልመለስ ቀረሁ። ካርዴ ላይ “ቀጠሮ አያከብርም” ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። ስንፍና አልነበረም፤ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ ምግብ አይጥመኝም፣ መድኃኒቱን ሳየው ራሱ ይታክተኝ ነበር። መድኃኒት ሲቀር ስኳሩ ወጣ፣ ስኳሩ ሲወጣ ዓይኔ ባሰ፣ ዓይኔ ሲብስ ደግሞ ከአልጋ መነሣት ጠላሁ።

ቤተሰቦቼስ ምን አሉ? “ስኳሩ ነው።” ብቆጣ ስኳሩ ነው፤ ዝም ብል ስኳሩ ነው። “አታናግሩት፣ ስኳር አለበት” ይባልልኛል፤ በፍቅር። እርግጥ ስኳር ሲወርድ ሰው ያልበዋል፣ ይነጫነጫል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለኩት። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውዬው ለሳምንታት ከጨለመበት ግን ያ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለበት ሰው ከሌላው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ለድባቴ ይጋለጣል። ድባቴ ደግሞ በምክርም በመድኃኒትም ይታከማል።

አሁን ለብዙ ሰው ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። አንድ ምሽት ሳሎኔ ውስጥ ነጭ የለበሱ ትንንሽ ሰዎች ተሰልፈው አየሁ። ድምፅ የላቸውም። እንደሌሉ አውቃለሁ፤ ግን አያቸዋለሁ። ለባለቤቴ ብነግራት በማግሥቱ ጸበል እንደምትወስደኝ አውቃለሁ። ጸበሉን ጠልቼ አይደለም፣ “መምህሩ አበደ” መባልን ፈርቼ ነው። አምስት ወር አፍኜ ያዝኩት። በኋላ ለአንዲት ወጣት የዓይን ሐኪም ሹክ ብላት “የቻርለስ ቦኔ ሕመም ይባላል” አለችኝ። ቦኔ የሚባል የስዊዘርላንድ ሊቅ ዓይናቸው የደከመ አያቱ ያዩትን ነገር በ1760 እ.ኤ.አ. ጽፎት ኖሯል። ዓይን ምስል መላክ ሲያቅተው አንጎል የራሱን ይሥላል። እብደት አይደለም። ድምፅ የምትሰሙ፣ የሚያዛችሁ ያለ የሚመስላችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነውና ፈጥናችሁ ታዩ። እኔ ስሙን ባወቅሁበት ሌሊት ተኛሁ። አምስት ወር ሙሉ ያጣሁት አንድ የሚጠይቀኝ ሰው ነበር።

ስለዚህ ሐኪሞቻችን፣ ልመናዬ ትንሽ ነው። ብሌናችን እንዲሰፋ ጠብታ ታደርጉልንና ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ዓይናችንን ጨፍነን አግዳሚው ላይ እንቀመጣለን። ያ ጊዜ እንዲያው ባክኖ ይቀራል። በዚያ መሐል አንድ ነርስ መጥታ ሁለት ነገር ትጠይቀን፤ “ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ ይሉህ የነበሩ ነገሮች አስጠልተውሃል? ከፍቶህ ወይም ተስፋ ቆርጠህ ሰንብተሃል?” አዎ ያለውን ለአእምሮ ሐኪም ጻፉለት። ማየት ለደከመው ደግሞ ሦስተኛ ጨምሩ፤ “የሌለ ነገር ታያለህ?”

ለእናንተ ለወገኖቼ፤ ሌዘሩንም ሆነ ዓይን ውስጥ የሚወጋውን መርፌ ፈርታችሁ የቀራችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ማደንዘዣ ይደረጋል። እኔ ስድስት ጊዜ ተወግቻለሁ፤ ከመርፌው ይልቅ ዋዜማው ያስጨንቃል።

ማክሰኞ ጠዋት ጠዋት እዚሁ ዓይን ክፍል በር ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ አለሁ። ቀጠሮ ባይኖራችሁም ለወሬ ኑ። ቀጠሮ ያላችሁ ጠብታው ለሰዓታት ያደበዝዛልና መኪና አትንዱ፤ ሰው ይዛችሁ ኑ። ሰው ከሌላችሁም እስከ ታክሲው እኔ እሸኛችኋለሁ፤ ማን ማንን እንደሚመራ መንገድ ላይ እናያለን።

አመሰግናለሁ።