ንቃ፣ አንተ ኦርጋን

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ ያሰብኩት ስለ ኦርጋን ነው። ኦርጋን ስል ሠርግ ላይ የሚመታው ኪቦርድ አይደለም። ቤት የሚያህለው፣ በነፋስ የሚዘምረው የቧንቧ ኦርጋን ነው።

ኅዳር 28 ቀን 2017 ማታ ሳሎን ቁጭ ብዬ የፓሪሱ ኖትረዳም ካቴድራል ዳግም ሲከፈት በስልኬ አያለሁ። እማዬ አጠገቤ ትፈትላለች። ሊቀ ጳጳሱ ሎራን ኡልሪሽ ወደ ላይ ተጣሩ፦ «ንቃ ኦርጋን፣ አንተ ቅዱስ መሣሪያ!» ኦርጋኑም መለሰ። ወፍራሙን ድምፅ ስልኬ አልቻለውም፤ ጠረጴዛው ላይ ይንጫረራል። እማዬ እንዝርቷን አቆመች።

«ማንን ነው የሚጠሩት?»

«ኦርጋኑን።»

«ይሰማቸዋል እንዴ?»

ምን ልበላት? ስምንት ጊዜ ጠሩት፣ ስምንት ጊዜ መለሰ። አራት ኦርጋን ተጫዋቾች ናቸው እየተፈራረቁ፣ ኖታ ሳይዙ፣ እዚያው እየፈጠሩ የመለሱላቸው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2011 የካቴድራሉ ጣሪያ ሲነድ ኦርጋኑም አብሮ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። ለካ እሳቱ አልነካውም። የጎዳው አቧራ ነው። የጣሪያው ልባስ እርሳስ ነበር፤ የምንጽፍበት ሳይሆን ማዕድኑ። የእርሱ ብናኝ 8000 ገደማ በሚሆኑት ቧንቧዎች ላይ ተኛ። ከታች መዘምራኑን የሚያጅበው ትንሹ ኦርጋን ደግሞ በእሳት ማጥፊያው ውሃ ራሰ። መዘምራኑም ቤታቸውን አጥተው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሲዘምሩ ከረሙ።

ለትልቁ ኦርጋን አሁን ያለውን መልክ የሰጠው አሪስቲድ ካቫዬ-ኮል የሚባል ባለሙያ ነው፤ በፈረንጆቹ 1868 ተመረቀ። ከርሱ በፊት የነበሩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቧንቧዎችም እስከ ዛሬ ውስጡ አሉ። ትልቁ ቧንቧ አሥር ሜትር ገደማ ነው፤ ትንሹ ከምንጽፍበት እርሳስ አይበልጥም። ዋሽንት ቀዳዳ ስላለው በጣት ይለዋወጣል። የኦርጋን ቧንቧ ግን ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ይህን ያህል የሚበዛው።

ከእሳቱ በኋላ ኦርጋኑ ተፈታ፣ ወደየዎርክሾፑ ሄደ፣ ተጸዳ፣ ተመለሰ። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ድምፁን ማስተካከል ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ቀን ቀን ግንበኛውና አናጢው ያንኳኳሉ፤ ጸጥታ የሚገኘው ሌሊት ነው። አንዱ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ አንድ ቁልፍ ይጫናል። ሌላው ቧንቧዎቹ መሀል ገብቶ ያዳምጣል፣ ያርማል። ቀጣዩ። ደግሞ ቀጣዩ። ሰው በተኛበት ሰዓት፣ ባዶ ካቴድራል ውስጥ፣ አንዲት ድምፅ ብቻዋን ስትንሳፈፍ አስቡት። እውነቱን ለመናገር ከምርቃቱ ይልቅ ያንን ሌሊት ብሰማ ይሻለኝ ነበር።

እኛ ቤት ዜማው በሰው ጉሮሮ፣ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው። እማዬ መሣሪያ «ንቃ» ሲባል ሰምታ ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ለራሷ የምታወራ ይመስል፣ «ዳዊትም እኮ በገናውን ተነሥ ይለዋል» አለች።

ቀጥላም፣ «ድምፁን ትንሽ ጨምርልኝ።»

«እማዬ፣ ከዚህ በላይ አይሄድም።»

ስልኩን ከጠረጴዛው አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።