ሣሩ ላይ በባዶ እግር

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ዛሬም አብሮን አለ፣ ሰላም በሉት።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራዬ ላወራችሁ ነበር፤ እሱ ይቆየን። አክስቴ እቴቴ ሐሙስ ወደ ጎጃም ተመለሱ፣ እና አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

ጠዋት ጠዋት በባዶ እግሬ ሣር ላይ እንደምሄድ ታውቃላችሁ። «ጫማ መግዣ እናዋጣልሽ» ያላችሁኝን አይቻለሁ፣ አመሰግናለሁ። ሰዎቹ «ግራውንዲንግ» ይሉታል። ከመሬት ኤሌክትሮን ይገባል፣ ሰውነት ይረጋጋል፣ ምናምን። እኔ ኤሌክትሮኑን አላየሁትም። ጤዛው ግን ደስ ይለኛል፤ ቅዝቃዜው ያነቃል። እንቅልፌም ተሻሽሏል። እሱ እንኳን ስልኬን ሳሎን ትቼ መተኛት ስለጀመርኩ ሊሆን ይችላል። ይሁን።

እቴቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ዝም። እኔ ደግሞ ማስረዳት አልተውኩም፦ «ለጤና እኮ ነው እቴቴ፣ ውጭ አገር ሰው ከፍሎ ነው የሚሄደው።» ምንም አላሉም። ተነስተው ገቡ። ቡና ሊያፈሉ መስሎኝ። በሳፋ ውሃ ይዘው መጡ። ሳሙናም ይዘዋል።

«ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ጎንበስ ብለው እግሬን ያዙት።

አስቡት እስቲ። የሳቸውን እግር ማጠብ ያለብኝ እኔ ነኝ እኮ! ከመንገድ የገቡ ዕለት ላጥብ ብዬ እምቢ ብለውኛል። «ኧረ እቴቴ፣ ኧረ በማርያም!» እግሬን ልስብ ስል ቁርጭምጭሚቴን ጨበጥ አደረጉት። ጉልበታቸው! ከዚያ በየጣቶቼ መሀል፣ አንድ በአንድ፣ በሳሙና። ሳይቸኩሉ። «እዚህ መሀል ነው የሚቀረው» አሉ። ይኼንኑ ብቻ። በነጠላቸው ጫፍ አደረቁልኝ። በነጠላቸው! ካልሲ አጠለቁልኝ፣ የስኒከሬን ክር አሰሩልኝ።

ከዚያ ቡናው ተፈላ። ወሬው ስለ በርበሬ ዋጋ ሆነ።

አሁን አበበ ቢቂላን የምትጠቅሱልኝ ትኖራላችሁ። ሁሌም አላችሁ። በፈረንጆቹ 1960፣ ሮም፣ በባዶ እግር፣ 2:15:16። እሺ። ግን የሮጠው አስፋልትና ድንጋይ ንጣፍ ላይ ነው እንጂ ሣር ላይ አይደለም። ቶኪዮንስ? 1964፣ 2:12:11፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ብዙም ሳይቆይ። በጫማ! ጫማውን ማንም አያነሳውም፣ ይገርመኛል።

ምን እያልኩ ነበር?

አዎ። ስለ እቴቴ ወንድም አውርቼላችሁ አላውቅም መሰለኝ። አጎቴ እግራቸው ያበጠ ነው። ዝሆኔ። በትንኝ የሚመጣ ዓይነት አለ፤ የሳቸው ያ አይደለም፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ውስጥ ያለ ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ ይገባል። ዓመታት ሲቆይ የሊምፍ፣ ማለት የሰውነት ፈሳሽ፣ መተላለፊያውን ይጎዳዋል፣ እግር ያብጣል። ጀርም የለው፣ ትል የለው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰውየው በባዶ እግሩ መሬቱን አረሰ፣ በቃ፣ ሌላ ምንም አላደረገም። መከላከያው እግር የሚሸፍን ጫማና በሳሙና መታጠብ ነው። ሳሙና እኮ ነው!

አጎቴ ሠርግ ቤት አይሄዱም። ከሄዱም ጥግ ይዘው ጋቢያቸውን እግራቸው ላይ ይጥላሉ። ልጅ ሆኜ ይበርዳቸዋል ብዬ ነበር የማስበው።

ደግሞ ቀይ አፈር የረገጠ ሁሉ አያብጥም። ተጋላጭነቱ በቤተሰብ ይሄዳል ይላሉ ያጠኑት። ለዚህ ነው ሰው «ዘራቸው ነው» ብሎ ልጁን የማይድረው። እና...

ቆይ። የእቴቴ ወንድም ማለት የእናቴም ወንድም ማለት ነው።

ይኼን አሁን እያወራሁ ነው ያሰብኩት።

አይ፣ የኔ ሣር እኮ ተገዝቶ የተነጠፈ ሣር ነው። ጠዋት ትንሽ መንሸራሸርና ዕድሜ ልክ በባዶ እግር ማረስ አንድ አይደለም። ልክ ነኝ አይደል? ይኼንን ለሳቸውም ማለት እችል ነበር። ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማ በማውለቅ እሳቸውን የሚቀድም የለም። እዚያ ምንጣፍ አለ፣ ልበል? ትንሽ ተናድጃለሁ መሰለኝ። ሰው እንዲህ ታጥቦ፣ ታስሮለት፣ ምንም ሳይባል... ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተቆጥተው ቢሆን እመልስላቸዋለሁ።

ደውዬ ልጠይቃቸው ብዬ ነበር። ምን ብዬ? «ለኔ ፈርተው ነው?» ልበል? «አይ ልጄ፣ ቆሽሾ ነው» ይሉኛል፣ ወሬው ወደ በርበሬ ይዞራል።

ዛሬ ጠዋት ግን ሣሩ ላይ ወጥቻለሁ። በካልሲ። አትሳቁ። ካልሲ ጫማ አይደለ፣ ባዶ እግር አይደለ፣ ይረጥባል ብቻ። ነገ አላውቅም። ምናልባት... አይ፣ እናቴ ስለዚህ ነገር ለምን አንድም ቀን... እሺ፣ እሱን ሌላ ጊዜ።