ወደ ፒዮንግያንግ በቤጂንግ በኩል፦ የትራንዚቱ ጣጣ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ሰሜን ኮሪያ ሐውልትና ወታደራዊ ሰልፍ ብዙ ቪዲዮ አይታችኋል። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ መንገዱ ነው። ለቱሪስት አብዛኛው ጣጣ ያለው እዚያ ነውና።

መጀመሪያ በሩ ክፍት ነው ወይ? የምጠራቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አገሪቱ በጥር 2020 በኮቪድ ምክንያት ድንበሯን ጠረቀመች። በየካቲት 2024 የሩሲያ ቱሪስቶችን አስገባች። በየካቲት 2025 ራሶን የሚባለውን የሰሜን ምሥራቅ ጥግ ለምዕራባውያን ከፈተችና በሳምንታት ውስጥ መልሳ ዘጋችው። ወዲያው በሚያዝያ ደግሞ ለፒዮንግያንግ ማራቶን የውጭ ሯጮች ገቡ። ጠባይዋ እንዲህ ነው። ስለዚህ አስጎብኚው ሳያረጋግጥላችሁ የአውሮፕላን ትኬት እንዳትቆርጡ።

አስጎብኚ ያልኩት ያለ እሱ ስለማይገባ ነው። ፈቃድ ያለው ድርጅት ቪዛውን ያስጨርሳል፣ ሆቴሉን ይይዛል፣ ፕሮግራሙንም ያወጣል። ቪዛው ብዙ ጊዜ በተለየ ካርድ ይሰጣል እንጂ ፓስፖርት ላይ አይመታም።

[ካርታ፦ ቤጂንግ፣ ዳንዶንግ፣ ሲኑጁ፣ ፒዮንግያንግ]

የተለመደው መንገድ በቤጂንግ በኩል ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ልብ ይበል። ስትሄዱ ቻይና ትገባላችሁ። ከፒዮንግያንግ ስትመለሱም እንደገና ትገባላችሁ። አንዴ ብቻ የሚያስገባ የቻይና ቪዛ ይዞ የወጣ ሰው መመለሻው ላይ ይጨነቃል። ሁለት ጊዜ የሚያስገባውን ጠይቁ።

ከቤጂንግ በሰሜን ኮሪያው አየር መንገድ በኤር ኮርዮ መብረር ወይም በባቡር መሄድ ነው። ምርጫው የእኔ ቢሆን ባቡሩን እመርጣለሁ። በቻይናዋ የድንበር ከተማ በዳንዶንግ «ያሉ» የሚባለውን ወንዝ ሲሻገር ከጎኑ ግማሹ የተቆረጠ ድልድይ ይታያል። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ አውሮፕላኖች የደበደቡት ነው። የእኛም ቃኘው ሻለቃ በዚያ ጦርነት ከደቡብ ጎን ተሰልፎ ነበር። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የቆመው የትግላችን ሐውልት ደግሞ የሰሜኖቹ እጅ አለበት። ታሪክ ሆደ ሰፊ ነው።

ወንዙን እንደተሻገራችሁ ሲኑጁ ላይ ፍተሻ አለ። ሻንጣ፣ መጽሐፍ፣ ካሜራ፣ ስልክ ይታያል። የደቡብ ኮሪያ ድራማ ስልካችሁ ላይ ከጫናችሁ ቤጂንግ ሳላችሁ አጥፉት። ዳዊት ከኪሱ የማይለየው መንገደኛም ያስብበት። በ2014 አንድ አሜሪካዊ ቱሪስት ቾንግጂን ከተማ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ትቶ በመሄዱ ለወራት ታስሯል። ገንዘብም እዚያው ቻይና ሳላችሁ ያዙ፤ ዩሮ ወይም ዩዋን፣ ዝርዝር ዝርዝሩን። ካርዳችሁ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ፕላስቲክ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አስጎብኚዎች አብረዋችሁ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው። የመሪዎቹን ሐውልት ፎቶ ስታነሱ እግሩን ወይም ራሱን አትቁረጡ። ወታደርና የግንባታ ቦታ አታንሱ። የመሪዎቹ ፎቶ ያለበትን ጋዜጣ አጣጥፋችሁ ፊታቸውን አትጨምድዱ። ይኼ ሁሉ ሊያስቅ ይችላል። ግን እናንተ ስታጠፉ አብረዋችሁ ያሉትም ይጠየቃሉ። እናንተ በሳምንቱ አገራችሁ ትገባላችሁ፣ እነሱ እዚያው ናቸው። ለእኔ ከሕጎቹ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው።

ቅጣቱም ቀልድ አይደለም። አሜሪካዊው ተማሪ ኦቶ ዋርምቢየር በ2016 ከሆቴሉ የፕሮፓጋንዳ ጽሑፍ ሊወስድ ሞክሯል ተብሎ 15 ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈረደበት። በሰኔ 2017 ራሱን ስቶ ለቤተሰቡ ተመለሰ፣ በቀናት ውስጥም አረፈ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ልዩ ፈቃድ ከሌለ በቀር፣ ወደዚያ ለመጓዝ አያገለግልም። አሜሪካዊ ዜግነት ለወሰዳችሁ ወገኖቻችን ጉዳዩ እዚሁ ላይ ያበቃል።

አውሮፓ ላላችሁት ግን አንድ ነገር ይቀራል። በስዊድን ወይም በጀርመን ፓስፖርት አሜሪካ ለመግባት ኤስታ የሚባለውን ያለ ቪዛ የመግቢያ ፈቃድ በኢንተርኔት ትሞላላችሁ። ከመጋቢት 1 ቀን 2011 ወዲህ ሰሜን ኮሪያን የረገጠ ሰው ግን ያንን መጠቀም አይችልም። ዋሽንግተን እህቱን ለመጠየቅ የሚፈልግ ሰው ኤምባሲ ቀጠሮ ይዞ መደበኛ ቪዛ መጠየቅ ይኖርበታል። የሰሜን ኮሪያ ቪዛ ፓስፖርት ላይ አልተመታም ብላችሁም እንዳትዘናጉ፤ ቅጹ ላይ በግልጽ ይጠየቃል።