የስቴሽን ዋገን የኋላ መስታወት ሲረግፍ፦ አነሳሱ፣ አለጣጠፉና የሽቦው ነገር

[ምስል፦ የአውዲ ኤ6 አቫንት የኋላ በር፤ መስታወቱ ረግፎ ጥቁሩ የማጣበቂያ መስመር ብቻ ቀርቷል]

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ። የስቴሽን ዋገን የኋላ መስታወት መቀየር ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ሥራ አለው። መስታወቱን ገዝቶ መለጠፉ ትንሹ ነው። ይህ መስታወት ጉም የሚያጠፋ ማሞቂያ ነው፤ የሬዲዮ አንቴና ነው፤ በአንዳንድ መኪኖች ላይ ደግሞ የዝናብ መጥረጊያው ዘንግ የሚያልፈው በውስጡ ነው። ሥራው የሚበላሸውም ብዙውን ጊዜ ዓይን በማያየው ቦታ ነው፦ በማጣበቂያው ሥር ባለው ቀለምና በበሩ ሽፋን ውስጥ ባለው ሽቦ። እዚያ ላይ ረዘም እንላለን።

የምናሳየው አሠራር እንደ አውዲ ኤ6 አቫንትና ቮልቮ ቪ90 ላሉ፣ መስታወታቸው በኋላ በሩ ላይ በፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ለተለጠፈ መኪኖች ነው። ቢኤምደብሊው 5 ቱሪንግ ያላችሁ ግን ለይታችሁ እዩት። እስከ ጂ31 ሞዴል ድረስ የኋላ መስታወቱ ከበሩ ተለይቶ ብቻውን ይከፈታል፤ የራሱ ማጠፊያና የራሱ መቆለፊያ አለው። እዚያ ላይ ሥራው ፈቶ ማሰር እንጂ መለጠፍ አይደለም።

[ምስል፦ የተሰባበረ መስታወት በቅርበት፤ ጠጠር የሚያካክሉ ስብርባሪዎች]

የፊት መስታወት ሁለት ንብርብር ሆኖ መሀሉ ላይ የፕላስቲክ ፊልም አለው፤ ስለዚህ ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይረግፍም። የኋላው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ንብርብር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቅና በአየር በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ውጪው ቀድሞ ስለሚደርቅ ላዩ ተጨምቆ፣ ውስጡ ተወጥሮ ይቀራል። ጠንካራ የሚያደርገው ይህ ውጥረት ነው፤ ግን አንድ ቦታ ላይ፣ በተለይ ጠርዙ ላይ፣ ጭረቱ እስከ ተወጠረው ክፍል ከዘለቀ ሙሉው በአንዴ ይፈርሳል። ለዚህ ነው የፊት መስታወትን ቀዳዳ እንደምንሞላው የኋላውን መሙላት የማይቻለው።

በስቴሽን ዋገን ላይ ዋናው ጠላት ጭነት ነው። ረጅም ጣውላ ወይም ብስክሌት ተጭኖ፣ ጫፉ በሩ ሲዘጋ መስታወቱ ከሚያርፍበት ቦታ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ከሆነ፣ በሞተር የሚዘጋው በር ራሱ ወስዶ ይገፋዋል። በሩ እክል ሲያጋጥመው እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ቢሆንም፣ መስታወቱ ጫፉን የሚነካው ከዚያ ቀድሞ ሊሆን ይችላል። ረጅም ዕቃ ስትጭኑ የመጨረሻዎቹን 20 ሴንቲ ሜትር በእጃችሁ ይዛችሁ ዝጉ።

[ምስል፦ የኋላ በሩ በወፍራም ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ የቴፑ ጠርዝ በቅርበት]

አሁን መስታወቱ ረግፏል እንበል። ከሁሉ በፊት አንድ ከባድ ነገር፦ የኋላው ተከፍቶ አትንዱ። የስቴሽን ዋገን ጀርባ ቀጥ ያለ ስለሆነ መኪናው ሲሄድ ከኋላው አየር ይሳሳል፤ ከጭስ ማውጫው የወጣው ጋዝ እዚያው ይሽከረከርና በተከፈተው በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሕፃን ልጅ ከኋላ ወንበር የምታስቀምጡ ሰዎች ይህን በተለይ ያዙልን። የግድ መንቀሳቀስ ካለባችሁ ቀዳዳውን በወፍራም ፕላስቲክ በደንብ ዝጉ፤ የአየር ማስገቢያውን ከውጭ አየር እንዲስብ አድርጉና ማራገቢያውን ጨምሩ፤ በአጭር መንገድ ብቻ ሂዱ። ቴፑን ከተለጠፈ በኋላ ለቀናት ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ሙጫው ቀለሙ ላይ ይቀራል።

ስብርባሪውን የማንሳት ቅደም ተከተል አለው። መስታወቱ ፈርሶ በቦታው ተንጠልጥሎ ከሆነ የበሩን ቁልፍ አትጫኑ፤ በሩ ሲነሳ ሁሉም ሻንጣ ማስቀመጫው ላይ ይዘንባል። መጀመሪያ ውጪውን በሰፊ ቴፕ ሸፍኑት፤ ውስጥ ብርድ ልብስ አንጥፉ፤ ጓንትና የዓይን መነጽር አድርጋችሁ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ውጭ እየጎተታችሁ አንሱ። ከዚያ በቫኪዩም ክሊነር የወንበሮቹን ማጠፊያ፣ የቀበቶ ማሰሪያዎቹን፣ የሻንጣ መሸፈኛው መጋረጃ የሚጠቀለልበትን ቤትና የትርፍ ጎማውን ጉድጓድ አጽዱ። መጋረጃው ውስጥ ስብርባሪ ከቀረ፣ ሲጠቀለል ጨርቁን ይቀደዋል።

በብዛት የሚረሳው የበሩ ሆድ ነው። ከታች በኩል ብዙ ስብርባሪ ይጠራቀማል፤ ካልወጣ በየጉብታው ይንኮሻኮሻል፤ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ከደፈነም በሩ ውስጥ ውሃ ይቀመጥና ዝገት ይጀምራል። የውስጥ ሽፋኑ ተፈትቶ እንጂ ከላይ በመጥረግ ብቻ አይወጣም። የመቆለፊያውንም አፍ እዩት፤ አንዲት ቁራጭ ገብታ በሩን እንዳይቆለፍ ልታደርገው ትችላለች።

[ምስል፦ የአዲስ መስታወት ጥግ ላይ ያለው ማኅተም በቅርበት፤ ከዚያ በግራና በቀኝ ያሉት የሽቦ መሰኪያዎች]

መስታወት ስታዝዙ የመኪናውን 17 ፊደልና አሃዝ ያለውን የሻሲ ቁጥር ስጡ፤ "የ2015 አቫንት ነው" ብሎ ማዘዝ አይበቃም። በአንድ ሞዴል ውስጥ ቀላል አረንጓዴ አለ፤ ከፋብሪካ የጠቆረ አለ። የአንቴና መሰኪያው አንድ የሆነ አለ፤ ብዙ የሆነ አለ። የጎማ ጠርዙ አብሮ የሚመጣ አለ፤ ለብቻው የሚገዛ አለ። የጠቆረ መስታወት የነበረው መኪና ላይ ቀላሉን ገጥሞ ፊልም መለጠፍ ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክርም፤ ፊልሙ አንድ ቀን ሲላጥ የማሞቂያ መስመሮቹን ይዞ ይነሳል።

መስታወቱ ጥግ ላይ ያለውን ማኅተም አንብቡ። በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር፣ አጠገቡም 43አር የሚል ካለ የአውሮፓን ደንብ ያሟላ ነው። ቁጥሩ የጸደቀበትን አገር እንጂ የተሠራበትን አይናገርም፤ ኢ1 ማለት ጀርመን የጸደቀ ማለት ነው። ለአሜሪካ የተሠራው ላይ ኤኤስ2፣ ከፋብሪካ የጠቆረ ከሆነ ደግሞ ኤኤስ3 የሚል ታገኛላችሁ።

ጀርመን ለምትኖሩ፦ የመስታወት ስብራት በታይልካስኮ (በከፊል የመኪና መድን) ይሸፈናል፤ ውሉ ላይ የተጻፈውን የራስ ድርሻ ትከፍላላችሁ እንጂ ያለ አደጋ የቆያችሁበት ደረጃ አይቀንስም። ፎቶ አንሱ፤ ሳታስነሱም ለመድን ድርጅቱ አሳውቁ።

[ምስል፦ ስፖይለሩ ሲነሳ፤ ከሥሩ ያለው የውሃ ቱቦና የፍሬን መብራቱ ሶኬት]

መፍታት። የውስጥ ሽፋኑ በክሊፕ የተያዘ ነው፤ በፕላስቲክ መፈንቀያ ከታች ጀምሩ። በካቻቢቴ ከፈነቀላችሁ ይሰበራል፣ ቀለምም ይጫራል። ክሊፖቹ ሁለት ሦስቱ መሰበራቸው አይቀርም፤ ቀድማችሁ አሥር ያህል ግዙ። በብዙ ስቴሽን ዋገን ላይ ስፖይለሩ፣ ማለትም ከበሩ አናት ላይ የሚወጣው ክንፍ፣ የመስታወቱን የላይ ጠርዝ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ይነሳል። ከሥሩ የሦስተኛው ፍሬን መብራት ሶኬትና የመጥረጊያው ውሃ ቱቦ አለ። ቱቦው ስትመልሱት ጠበቅ ብሎ ካልገባ፣ ውሃው መስታወቱን ትቶ በበሩ ውስጥ ይወርድና የአንቴናውን ማጉያ ያበላሻል። መጥረጊያው በመስታወቱ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ የዘንጉን ጎማ በአዲስ ለውጡ፤ ዳዶውን ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ ጭነቱ የሚያርፈው መስታወቱ ላይ ነው።

መስታወት የሌለው በር ቀላል ነው፤ የጋዝ ዘንጎቹ ወደ ላይ ሲገፉት ከለመደው በላይ ይፈጥናል። ፊታችሁን ራቅ አድርጉ።

[ምስል፦ ምላጭ በአሮጌው ማጣበቂያ ላይ ሲሄድ፤ የቀረው ቀጭን ጥቁር መስመር]

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። አሮጌውን ማጣበቂያ እስከ ብረቱ አትላጡት። በአዲስ ስል ምላጭ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አስቀርታችሁ ደልድሉት። አሁን የተቆረጠው አሮጌ ማጣበቂያ ለአዲሱ ከሁሉ የተሻለ መያዣ ነው፤ ከፋብሪካው ቀለም ጋር አስቀድሞ ተያይዟልና። ከቆረጣችሁ በኋላ በጣት አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ይበቃዋል ለማላቀቅ።

ምላጩ ቀለሙን ከጫረ፣ ብረት ከታየ፣ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ የብረት ፕራይመር ቀቡና በምርቱ ላይ የተጻፈውን ያህል አድርቁ። ዝገት ካለ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ አንሱት። ማጣበቂያ ዝገት ላይ አይይዝም፤ የሚይዘው ዝገቱን ነው፤ ዝገቱ ሲላጥ መስታወቱም አብሮ ይላጣል። አንድ ዓመት ቆይቶ ማፍሰስ የሚጀምር መስታወት መነሻው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ከዚህ በፊት የተሠራ መኪና ከሆነና ሲሊኮን ካገኛችሁ ግን አንዳች ሳታስቀሩ ሁሉንም አንሱ። ፖሊዩሬቴን በሲሊኮን ላይ ከቶ አይጣበቅም፤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ብረቱንም ይበላል።

አዲሱን መስታወት ያለ አሞኒያ በሆነ ማጽጃ አጽዱ፤ ከዚያ ጥቁሩ ጠርዝ ላይ አክቲቬተሩን (ማጣበቂያው እንዲይዝ መስታወቱን የሚያዘጋጀውን ፈሳሽ) በንጹሕ ጨርቅ አንድ ጊዜ ጠርጋችሁ አድርቁ። ጥቁሩ ጠርዝ ለጌጥ የተቀባ አይደለም፤ ፀሐይ ማጣበቂያውን እንዳትበላው ይከልላል። ከዚያ ያለ ማጣበቂያ በሩ ላይ አስቀምጣችሁ ለኩት። ግራና ቀኙ ክፍተት እኩል ሲሆን፣ ከመስታወቱ ወደ በሩ የሚሻገር ቴፕ ለጥፉና መገናኛው ላይ በምላጭ ቁረጡት። ስትመልሱት ቴፕ ከቴፕ ጋር ከገጠመ ቦታው ያ ነው።

ማጣበቂያው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዓይነት መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። ተራው ጥቁር ማጣበቂያ ውስጥ ያለው ካርቦን በጠርዙ አጠገብ የሚያልፈውን አንቴና ያዳክማል፤ በሩ አሉሚኒየም ከሆነም ዝገትን ያፋጥናል። የተለጠፈው ሥራ ፍጹም ሆኖ ሬዲዮው ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ መጀመሪያ የአንቴናውን መሰኪያ፣ ቀጥሎ ይህን ጠርጥሩ።

የማጣበቂያውን ቱቦ አፍንጫ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ፣ 8 ሚሊ ሜትር ወርድና 12 ሚሊ ሜትር ቁመት አድርጋችሁ ቁረጡ። የመስታወቱ ዙሪያ 3.5 ሜትር ያህል ቢሆን የሚፈሰው 170 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንድ የ310 ሚሊ ሊትር ቱቦ ይበቃል። ሆኖም ሁለት ይዛችሁ ጀምሩ። ዙሪያው ሳያልቅ ቱቦ ካለቀ፣ የተቋረጠበት ቦታ ያፈሳል። መነሻና መድረሻውን ጥግ ላይ አታገናኙ፤ ቀጥ ባለው ክፍል ላይ አደራርባችሁ ዝጉት።

[ምስል፦ ሁለት ሰዎች መስታወቱን በመምጠጫ መያዣ ይዘው ሲያስቀምጡ]

መስታወቱን ከማስቀመጣችሁ በፊት በሩ ተዘግቶ በትክክለኛ ቦታው መቆም አለበት፤ ክፍት ሆኖ ከተለጠፈ ሲዘጋ ይጠማዘዛል። የማሞቂያውንና የአንቴናውን ሽቦዎች ቀድማችሁ ወደ ውስጥ አሳልፉ፤ ከማጣበቂያው ሥር ተጨፍልቀው እንዳይቀሩ። የመምጠጫ መያዣውን ከውጭ በኩል ብቻ አድርጉ፤ ከውስጥ ያሉት መስመሮች ሊነሱ ይችላሉ። በሁለት ሰው፣ ከታች አስደግፋችሁ ወደ ላይ አስተኙት፤ በመዳፍ ዙሪያውን እኩል ተጫኑት። ጥሬ ማጣበቂያ ላይ መስታወቱ በክብደቱ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከላይ በኩል በቴፕ ወጥሩት፣ ከታችም ድጋፍ አድርጉለት። መስኮት ሳይከፈት የመኪናውን በር ጠርቅሞ መዝጋት መስታወቱን ከውስጥ በአየር ግፊት ይገፋዋል፤ አንዱን መስኮት ክፍት ተዉት።

ይህ ማጣበቂያ የሚጠነክረው በአየር እርጥበት ነው። በ23 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት በመጀመሪያው ቀን 3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠነክራል። አዲስ አበባ በበጋ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ቀኑ ደረቅ ስለሆነ ይዘገያል፤ ከ5 ዲግሪ በታች ደግሞ አትለጥፉ። መኪናው መንቀሳቀስ የሚችለው በቱቦው ላይ የተጻፈው ሰዓት ሲሞላ ነው። በሥራው ጊዜም ጓንት ይኑራችሁ፣ ቦታውም አየር ያግኝ።

[ምስል፦ የመልቲሜትር ዘንግ በመስታወቱ መስመር ላይ ሲሄድ፤ ቁጥሩ በቅርበት]

ሽፋኑን ከመመለሳችሁ በፊት ማሞቂያውን ፈትሹ። ብዙ መኪኖች ሞተር ሳይነሳ ማሞቂያውን አያበሩም፤ ከበራም በኋላ በጊዜ ገደብ ራሱ ይጠፋል። በጎኖቹ ካሉት ሁለት መሰኪያዎች መካከል 12 ቮልት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ማግኘት አለባችሁ። ቮልቱ ካለ ግን መስመሩ ካልሞቀ፣ የመልቲሜትሩን ጥቁር ዘንግ ከበሩ ብረት ጋር አገናኙ፤ ቀዩን ጫፍ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልላችሁ በመስመሩ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱ። ቁጥሩ ከ12 ወደ ዜሮ በዝግታ መውረድ አለበት። በአንድ ቦታ በድንገት ከወደቀ የተቆረጠው እዚያ ነው፤ ብር ባለበት፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ቀለም ይጠገናል። መሰኪያው ራሱ ከመስታወቱ ከተነቀለ ተራ ማጣበቂያ አይሆንም፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ኢፖክሲ ወይም ብር ያለበት ብየዳ ይፈልጋል። በዚህ ውስጥ ከ10 አምፔር በላይ ያልፋል፤ የላላ መሰኪያ ይሞቅና ፕላስቲኩን ያቀልጣል።

የማጠፊያውን ሽቦ አትርሱ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ በጎማ ቱቦ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ፤ ከዓመታት በኋላ ውስጣቸው ይቆረጣል። መስታወቱ አዲስ ሆኖ ማሞቂያው፣ የሰሌዳ መብራቱና የበሩ መክፈቻ አብረው ካልሠሩ መስታወቱን ተዉት፤ ቱቦውን ገልጣችሁ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርጉ፤ የተቆረጠው ላስቲኩ ይለጠጣል።

ሽፋኑ ከመግባቱ በፊት ሬዲዮውን ክፈቱ፣ ፍሬን አስረግጣችሁ መብራቱን እዩ፣ የመጥረጊያውን ውሃ ልቀቁና ከውስጥ ሆናችሁ ቱቦውን እዩ። የማጣበቂያውን ጠርዝ ግን በውሃ ለመፈተሽ አትቸኩሉ፤ ከደረቀ በኋላ ውሃ ያለ ግፊት ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ አፍስሱ፤ ሌላ ሰው በባትሪ ከውስጥ ይመልከት። ከታች መጀመራችሁ የሚያስገባበትን ቦታ ለይቶ ያሳያችኋል። ቴፑን በማግስቱ ከጎን ወደ ጎን እየሳባችሁ አንሱ፤ በግፊት የሚያጥብ መኪና ማጠቢያን ቢያንስ ሦስት ቀን ራቁ፤ ፊልም የምታስለጥፉ ከሆነም ከዚያ በኋላ ይሁን።