የደጋ ሰው ስኖውሹ ሲያስር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ነው የማወራችሁ። ውጭ ዝናቡን ለቆታል፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባ ይቅርታ።

ባለፈው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ እህቴ ጋ ሄጄ በረዶ ላይ ስለመራመዴ ጠቆም አድርጌ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በዛ። ዲቪ የደረሳችሁ አላችሁ፣ ለትምህርት የምትሄዱ አላችሁ። "እዚሁ ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ላይስ አይሆንም ወይ?" ያላችሁም አላችሁ። እሺ፣ ዛሬ ስለ ስኖውሹ እናውራ።

ስኖውሹ ከጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ ነው። የድሮው ከተጠማዘዘ እንጨት ይሠራና መሃሉ በጠፍር ይጠላለፋል። ላየው ሰው ሁለት ሰፌድ እግር ላይ የታሰረ ይመስላል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ እነ ኦጂብዌ፣ እነ ክሪ፣ በብርዱ ወራት ሲያድኑና ሲጓዙ የኖሩት በእሱ ነው። የዛሬው አልሙኒየም ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ሆኗል፤ ከሥሩም የብረት ጥርስ አለው። ሥራው ቀላል ነው። በጫማ ብቻ ስትሄዱ ክብደታችሁ ትንሽ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ እስከ ጉልበት ትሰምጣላችሁ። ስኖውሹ ያንን ክብደት ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ይበትነዋል። መስመጥ ጨርሶ አይቀርም፤ አዲስ የጣለ በረዶ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት መግባት ያለ ነው። ግን ትሄዳላችሁ።

እኔ የሄድኩት ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ቤር ሌክ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኒምፍ ሌክና ድሪም ሌክ የሚወጣ መንገድ አለ። ጀማሪ የሚበዛበት ነው። ኒምፍ ሌክ ድረስ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ። የኮሎራዶ ዋና ከተማ ዴንቨር ያለችው 1,600 ሜትር ላይ ነው፤ የእኛ ማርቆስ ከ2,400 በላይ ናት። ቤር ሌክ 2,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከቆላ የመጣው ሁሉ ቁና ቁና ሲተነፍስ እኛ እናወራለን። ዴንቨር ወር ሁለት ወር ከተቀመጣችሁ ግን ይሄ ጥቅም እየቀነሰ ይመጣል፤ ብዙ አትኩራሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ላብ። የደጋ ሰው ስለሆንን ብርድ እናውቃለን እንላለን። እውነት ነው፣ እናውቃለን። ግን የእኛ ልብስ የተሠራው ጠዋት ደጅ ላይ ለመቆምና ማታ እሳት ዳር ለመቀመጥ ነው። ጋቢ ደርበህ ተራራ ለመውጣት አይደለም። በስኖውሹ መሄድ ደግሞ ከባድ ሥራ ነው፤ ሙቀቱ ከውስጥ ይመጣል። ጥጥ ያንን ላብ ይጠጣና ይይዘዋል። ከዚያ ፎቶ ለመነሣት ቆም ስትል፣ ጀርባህ ላይ የተለጠፈው እርጥብ ከናቴራ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ብርድ የሚገባው ያኔ ነው።

የእህቴ ባል የቢቸና ሰው ነው፤ ብዙ ዓመት እዚያ ኖሯል። መኪናው ጋ ቆመን ሳለ፣

"በል አንተ፣ ጃኬቱን አውልቀው" አለኝ።

"ጋሼ፣ በዚህ ብርድ?"

"አሥር ደቂቃ ቆይተህ ታወልቀው የለ? ያን ጊዜ ግን ላብህ ወጥቷል።"

ሕጉ ይሄ ነው። ስትነሡ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ከሥር ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ መሃል ላይ ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ፣ የሚያሞቅ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና እርጥበት የማያሳልፍ። ሲሞቃችሁ አውልቁ፣ ስትቆሙ ልበሱ። ሱፍ ቢረጥብም ከጥጥ በተሻለ ያሞቃል። ይሄንን ለእናቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። "ድሮስ በርኖስ ለምን ተሠራና!" አለች። ምን ይባላል?

ስታስሩት የእግራችሁ የፊት መዳፍ ልክ ማጠፊያው ላይ፣ እግር ሲነሣ ማሰሪያው በሚታጠፍበት ቦታ፣ ይረፍ። ተረከዝ አይታሰርም፤ እንደ ልቡ ይነሣል። የማሰሪያው ትርፍ ጫፍ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ በሌላኛው እግራችሁ ትረግጡታላችሁ። ጓንታችሁን ሳታወልቁ ማሰር ተለማመዱ። መቆለፊያው ውስጥ በረዶ ገብቶ ሲጠጥር በባዶ ጣት መፈልፈል ስቃይ ነው።

አረማመዱ ትንሽ ገለል ገለል ያለ ነው፤ አለዚያ አንዱን በሌላው ትረግጡትና ትወድቃላችሁ። በማግስቱ የሚያመው ጭን ነው፣ በተለይ ውስጠኛው። ዳገት ላይ ጣታችሁን አስገብታችሁ ጥርሱን ትተክላላችሁ። ቁልቁለት ላይ ጉልበት ለቀቅ፣ ክብደት ወደ ተረከዝ። ወደ ኋላ መሄድ የሚባል ነገር የለም፤ ጅራቱ በረዶው ውስጥ ይሰካና ዘጭ ነው። መዞር ከፈለጋችሁ ዞር ብላችሁ በክብ ሂዱ።

ዱላ ለጎጃሜ አይነገርም። ልዩነቱ፣ እዚያ ትከሻ ላይ አይጋደምም፤ ሁለት ይሆንና መሬት ይነካል። ጫፉ ላይ እንዳይሰምጥ የሚያግድ ሰፊ ክብ አለው። ወድቃችሁ ለመነሣትም እሱ ነው የሚያነሣችሁ።

አደጋውን ሳልናገር አላልፍም። የበረዶ ናዳ በብዛት የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ካለው ተዳፋት ነው። እናንተ ሜዳ ላይ ብትሆኑም ከበላያችሁ ያለው ገደል ሊለቀው ይችላል። ኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል አላት፤ በበረዶው ወራት በየቀኑ ትንበያ ያወጣል። ሳታዩት ከቤት አትውጡ። ሌላው፣ ጥድ ሥር አትጠጉ። ቅርንጫፉ በረዶውን ስለሚከለክለው ግንዱ ዙሪያ ያልጠጠረ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ከገቡበት መውጣቱ ከባድ ነው። የፀሐይ መነጽርም ያዙ፤ ነጩ መሬት ብርሃኑን መልሶ ዓይን ላይ ነው የሚረጨው።

እህ፣ ጮቄስ? ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት በረዶ ጥሎበት ነጭ ለብሶ ያየ ሰው ቢጓጓ አይፈረድበትም። ግን ያ በረዶ ስስ ነው፣ ቶሎም ይሟሟል። ለስኖውሹ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል የተጋገረ ይፈለጋል። ያለዚያ ጥርሱን ድንጋይና ጓሳ ላይ መጨረስ ነው። ልትሄዱ ያሰባችሁ ግን እግራችሁን ጮቄ ላይ አለማምዱት። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እስከሚበቅልበት ከፍታ ድረስ ወጥቶ የሚመለስ ጉልበት ቤር ሌክ ላይ አያፍርም።

መግዛቱን አትቸኩሉ። መጀመሪያ ተከራዩ። መጠኑ የሚመረጠው በጫማ ቁጥር ሳይሆን በክብደታችሁ ነው፤ የቦርሳችሁን ጨምራችሁ ተናገሩ። አፍራችሁ ኪሎ ብትቀንሱ የምትሰምጡት እናንተ ናችሁ። ስኖውሹ የሚታሰርበት ጫማ ውኃ የማያስገባ ቡትስ ነው። ጠባብ ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ አትጠቅጥቁ፤ ደም መዘዋወር ያቅተዋል፣ እግር ይብስ ይቀዘቅዛል። አንድ የሱፍ ካልሲ ይበቃል፤ ትርፉን ቦርሳ ውስጥ ያዙ።

ቀሪ ጥያቄ ካላችሁ በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው አነሣዋለሁ። ደህና ሁኑ።