ሪላችሁ ጣና ውስጥ ሲወድቅ እጀታውን አታዙሩ

[ምስል፦ ነጭ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ እርጥብ ሪል፤ ከእጀታው ሥር ውኃ ጠብ ይላል]

ይህ ሪል ሐይቅ ውስጥ ከወደቀ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም። ከእጀታው ሥር ጠብ የሚለውን ውኃ አስተውሉት፤ ቀጭን ሻይ ይመስላል። አንዷን ጠብታ በጣቶቼ መካከል ሳሻት ውኃ ብቻ አለመሆኗ ይታወቀኛል። በደንብ ያልተነፋ ዱቄት እንደ መንካት ነው።

ሪል የምንለው ዘንጉ ላይ ታስሮ የመንጠቆውን ክር የሚለቅና የሚጠቀልል ዕቃ ነው። ባሕር ዳር ላይ ዓሣ አጥማጁ በአብዛኛው የሚሠራው በመረብ ስለሆነ ባለ ሪሉ ጥቂት ነው፤ አንዷ ኩሽኔታ ብትሰበር ምትኳን ፈልጎ ማግኘትም ቀላል አይደለም። ያለንን ማቆየት አለብን።

ስለ ሪል አያያዝ የሚሰጠው ምክር ብዙውን ጊዜ የባሕር አጥማጆች ምክር ነው። የእነርሱ ጠላት ብረት የሚበላው ጨው ነው። የጣና ውኃ ደግሞ ጨው የለበትም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ጨው ከሌለው ምን ይሆናል?» ብሎ ሪሉን ሁለት ጊዜ ያራግፍና ማጥመዱን ይቀጥላል። ጣና ግን የራሱ ጠባይ አለው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ ጥልቀቱ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሲነሣ ሥሩ ያለው ደለል ይታወካል። በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የደጋውን አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። ሪላችሁ ሲወድቅ የሚጠጣው ይህንን ነው። ውኃው ይደርቃል፤ አፈሩ ግን ከግራሶው ጋር ተለውሶ በጥርሶቹ፣ ማለትም በሪሉ ውስጥ እርስ በርስ ተያይዘው በሚዞሩት ባለ ጥርስ ብረቶች፣ መካከል ይቀራል። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ዙር ሞረድ ነው።

ስለዚህ ሪሉን ከውኃ ስታወጡ እጀታውን አታዙሩ። ለመሞከር ያህል እንኳ፣ አንድም ዙር አታዙሩ።

ይህን የምለው ከራሴ ጉዳት ተነሥቼ ነው። አንድ ኅዳር ከደብረ ማርያም ደሴት ስመለስ፣ ከታንኳ ወደ ድንጋዩ ስሻገር ዘንጉ ከእጄ አመለጠ። የቀዘፉልኝ አባት በመቅዘፊያቸው ስበው አወጡልኝ። እኔም በደስታ ቶሎ ብዬ አዞርኩት። ድምፁ ጥሬ እህል በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጭ የሚሰማው ዓይነት ነበር። አባት ሰምተው «ተው ልጄ፣ አሸዋ በልቷል» አሉኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው በትልቁ ጥርስ ፊት ላይ ያገኘሁት ጭረት ዛሬም አለ፤ በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል።

[ምስል፦ የትልቁ ጥርስ ጭረት ከቅርብ]

ሐይቁ ዳር ሳላችሁ ሪሉን ከዘንጉ ፍቱና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት። በእርጥብ ማለቴ ግር ይላችሁ ይሆናል፤ ጭቃው ከደረቀ ግን ይጋገራል፣ ተጋግሮ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። እርጥብ ሆኖ ቤት ይግባ።

ቤት ስትደርሱ ከላይ ያለውን የፍሬኑን (ዓሣ ሲጎትት ክሩን በልክ የሚለቀውን ክፍል) ቁልፍ አጥብቁ፤ ስታጥቡት ተጨማሪ ውኃ ወደ ፍሬኑ እንዳይዘልቅ ነው። ከዚያ በእጅ ማስታጠቢያው ማንቆርቆሪያ ንጹሕ ውኃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። የመኪና ማጠቢያ ጎማ አታስጠጉበት፤ ኃይለኛ ውኃ ከላይ ያለውን ጭቃ ወደ ውስጥ ይነዳዋል።

አሁን የፍሬኑን ቁልፍ ፈታችሁ ክሩ የተጠቀለለበትን እንዝርት አውጡ። ከሥሩ ያለው ዘንግ ላይ የእንቦጭ ሥር ወይም ቁራጭ ክር ተጠምጥሞ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ልቀሙት። የፍሬኑን ሮንዴላዎች ከማንሣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ፍሬኑ ወይ አይዝም፣ ወይ ይነክሳል። ከጨርቅ የተሠሩትን በሁለት ደረቅ ጨርቆች መካከል አድርጋችሁ ጫኗቸው እንጂ አትጭመቋቸው።

[ምስል፦ የጎኑ ክዳን ይከፈታል]

ክዳኑን በልኩ በሆነ ካቻቪቴ ክፈቱ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ እኔ የእንቁላል ካርቶን ላይ በየጉድጓዱ አስቀምጣቸዋለሁ። ውስጡን ተመልከቱ። ግራሶው የቀድሞ መልኩን ይዞ ከሆነ ውኃ አልገባም፤ ዝጉት። እርጎ መስሎ ነጥቶ ካገኛችሁት ግን ውኃ ገብቶ ተደባልቋል ማለት ነውና ሁሉም መውጣት አለበት። በላዩ አዲስ ግራሶ መጨመር አፈሩን መቅበር ነው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በትንሽ ነጭ ጋዝ እየነከራችሁ የብረቱን ክፍል ብቻ ጥረጉ፤ ፕላስቲኩን በሳሙናና በውኃ። ቤንዚን አትንኩ፤ ፕላስቲክ ያበላሻል፣ እሳትም ይጠራል።

ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አሳድሩት። ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም የቀትር ፀሐይ ላይ የሚያደርቁ ሰዎች አይቻለሁ፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ ከዚያ ክዳኑ አይገጥምም።

የሚቀባው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። ለጥርሶቹ ግራሶ፣ ለኩሽኔታዎቹ ቀጭን ዘይት ነው። ቀጭን ዘይት ስፈልግ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጋሼ ከስፌት መኪናቸው ዘይት በመርፌ ጫፍ ጠብ አደረጉልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ፈልጌ አላውቅም። ለአንድ ኩሽኔታ አንድ ጠብታ ይበቃል። የምግብ ዘይት ግን ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። እጀታው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚያግደው ኩሽኔታ ደግሞ ለብቻው ይታያል፤ ውስጡ ጥቃቅን ሞላዎች አሉት፣ ግራሶ ከነካው ይንሸራተታል፤ ትልቅ አምባዛ ሲጎትት እጀታው ወደ ኋላ ይከዳችኋል። ጠርጋችሁ፣ ቢበዛ የዘይት ሽታ ያህል አስነኩት።

ብዙዎች የሚረሱት ክሩ የሚያልፍባትን ትንሿን ተሽከርካሪ ነው። ከሽቦው ቅስት ጫፍ ላይ ያለችው ናት፤ ስፋቷ ከባቄላ አይበልጥም። በእርሷ ውስጥ ጭቃ ከደረቀ መዞር ታቆማለች፤ ክሩም በቆመ ብረት ላይ እየተፋተገ ይሳሳል። ቆሮሶው ተይዞ ሳለ የሚበጠሰው ክር አንዳንዴ ምክንያቱ ይህ ነው። ጣታችሁን አሳርፉና አዙሯት፤ ካልዞረች ፈታችሁ እጠቧት።

ክሩንም ከእንዝርቱ ፍቱና በወንበር ጀርባ ላይ አድርቁት። ከሥር ያለው ንብርብር ርጥበት ይዞ ይቆያልና። በጣቶቻችሁ መካከል አሳልፉት፤ የሻከረ ቦታ ካለ ቁረጡት።

[ምስል፦ ተገጣጥሞ ያለቀው ሪል፤ እጅ እጀታውን ይይዛል]

አሁን ማዞር ትችላላችሁ። ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ዝም ካለ ደህና ነው። ትንሽም ቢሆን ካንኮሻኮሸ አፈር ቀርቷል፤ መልሳችሁ ክፈቱት። ዝም ያለውንም ቢሆን ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ ክዳኑን አንሥታችሁ ግራሶውን እዩት። ዳር ዳሩ መንጣት ከጀመረ አንዱ ኩሽኔታ ውስጥ ውኃ ተሸሽጎ ነበር፤ ያንን ብቻ አውጡና አድርቁት።